ከሞተር አደጋ በኋላ ልመለስ ወይስ ልተው? የደረሰባችሁ ሰዎች ንገሩኝ

ገርጂ ማዶ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን እዚህ የምገባው የቦክሰር ሞተሬ ዕቃ የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ነበር። ዛሬ ሌላ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ ዴሊቨሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብና ዕቃ አደርሳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ፣ ከፊት ለፊቴ ይመጣ የነበረ ቪትዝ ወደ ግራ ታጠፈብኝ። ፍሬቻ አላሳየም። ፍሬን ያዝኩ፣ አስፋልቱ እርጥብ ነበር፣ የመኪናው ጎን ላይ ሄጄ ተላተምኩ። ጭንቅላቴን ሄልሜቱ አተረፈልኝ። ግራ እግሬ ግን ከጉልበት በታች ተሰበረ። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተሠርቶልኝ አጥንቴ ውስጥ ብረት ገባ።

አሁን ክራንቹን ጥያለሁ። ደረጃ እወጣለሁ። ብዙ ከሄድኩ አነክሳለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ራጅ አይቶ «እየያዘ ነው» ብሎኛል። ሞተሩም ተጠግኖ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የምሠራበት ድርጅት «መቼ ነው የምትመለሰው?» እያለ ይደውላል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ስቀመጥ፣ ከፊት ያለ መኪና ወደ ግራ ሲያዘነብል ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። መዳፌ ያልበዋል። ጎማ ሲጮህ ከሰማሁ ሆዴ ይጨበጣል። ሌሊት ላይ ያቺን መስቀለኛ መንገድ አያታለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም።

ባለቤቴ «ሽጠው» ትላለች። እናቴም እንደዚያው። የሥራ ጓደኞቼ ደግሞ «ወንድ ልጅ አንዴ ወደቀ ብሎ አይቀርም፣ ዝም ብለህ ውጣበት» ይሉኛል። ሞተሩ የተገዛው እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር ነው። እሷ እስካሁን ምንም አላለችኝም። ዝምታዋ ከሁሉም በላይ ይከብደኛል።

ከአደጋ በኋላ የተመለሳችሁ፣ እንዴት ነው የተመለሳችሁት? የተዋችሁስ በምን ወሰናችሁ? «በርታ» ወይም «ተወው» ብቻ አትበሉኝ። እሱን ቤትም ደጅም በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ሐይቅ ዳር | ሰኞ ማታ

እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ምሕረቱን ይጨርስልህ።

እኔ ሐዋሳ ነኝ። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከወረዳ ወረዳ ሞተር እነዳለሁ። ከአለታ ወንዶ ስመለስ ጠጠር ላይ ተንሸራትቼ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር። ተመልሻለሁ፣ ዛሬም እነዳለሁ። የረዳኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሞተሩን አስፈትሽ። «ተጠግኗል» ሲባል ብዙ ጊዜ ስፖኪዮና መብራት ተቀየረ፣ የተጫረው ተቀባ ማለት ነው። ከፊት ተላትመህ ከሆነ የፊት ሾኮቹ ታጥፈው ወይም ቴላዮው፣ ማለት ሞተሩን ሁሉ የተሸከመው ብረት፣ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም። እንዲህ አድርግ፤ መሬቱ እርጥብ የሆነበት ሜዳ ፈልግ። ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ቀጥታ ይንዳልህ። ከዚያ የጎማውን ዱካ ተመልከት። የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ደግሞ ረግጦ ካለፈ አንድ መስመር ነው የምታየው። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ከሠራ ያ ሞተር ጠማማ ነው፣ አትውጣበት። እኔ ጋራዥ «ምንም የለውም» ያሉኝ ሞተር ሁለት መስመር ሠርቷል።

በአደጋው ጊዜ ያደረግከውን ሄልሜት ከእንግዲህ አታድርገው፣ ምንም ብታዝንለት። ከውጭ ደህና ይመስላል። ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር ሥራው ምቱን እየተጨፈለቀ መውሰድ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ለሌላ ሰውም አትስጠው።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። እኛ አገር አብዛኛው ሞተረኛ «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ተብሎ ነው ያደገው። ስለዚህ ሲደነግጥ የኋላውን ይረግጣል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፋል፣ ሞተሩ ይንሸራተታል። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ በደንብ የሚያቆምህ የፊቱ ነው። ድንገት መጨበጥ ነው የሚጥለው። ቀስ አድርገህ ጀምረህ እያጠበቅህ መሄድን ልመደው። እኔ ከሰው ርቄ ባዶ ሜዳ ላይ በ20፣ ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ40 እየሄድኩ ማቆምን ደጋገምኩት። እጄ ነገሩን ሲለምድ ፍርሃቱም ረገብ አለልኝ። በልብ ጀግንነት አልመጣም።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርህ። የአጥንት ክፍል ነርስ ነኝ። የሐኪምህን ቦታ አልወስድም፣ ምን እንደምትጠይቀው ግን ልንገርህ።

«እየያዘ ነው» ካለህ ገና አልጨረሰም። ያ አጥንት ብረት ገብቶለትም ቢሆን ለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ወጥቶ ከነበረ ወይም ቁስሉ ከመረቀዘ ይረዝማል። የሚያጨስ ሰው አጥንት ዘግይቶ ነው የሚገጥመው፣ የምታጨስ ከሆነ አቁም። አሁን የምትራመደው ብረቱ ስለተሸከመህም ጭምር ነው። አጥንቱ ሳይገጥም ጫና ከበዛበት ብሎኖቹ፣ አንዳንዴም ብረቱ ራሱ ይሰበራል። ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፤ «ገጥሟል ወይ? ሙሉ ክብደቴን ጥዬ ድንገት ብረግጥበት ይችላል ወይ?»

በአገራችን በርካታ ሆስፒታሎች ከሚያስገቧቸው ብረቶች አንዱ ሳይን ይባላል። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በፈረንጆቹ 1999 የተመሠረተ ድርጅት ነው የሚያመርተው። ቀዶ ጥገናው እየተሠራ በቀጥታ ራጅ የሚያሳይ ማሽን በሌለበት ክፍልም እንዲገባ ተብሎ የተነደፈ ነው፣ ለእኛ የጠቀመውም ለዚህ ነው። እሱን የሚያስገቡ ሐኪሞች ክትትል ላይ በሽተኛውን ቁጢጥ ያስብሉታል፣ ፈገግ በል ይሉታል፣ ከዚያ ፎቶ ያነሱታል። ጉልበቱ እስከ መጨረሻ ከታጠፈ፣ ክብደቱን ከቻለ፣ ፊቱ ላይ ሕመም ካልታየ ጥሩ ምልክት ነው። ያንተ ብረት ማንኛውም ይሁን፣ ሐኪምህ ከፈቀደልህ ቤትህ ሞክረው። ግድግዳ ሳትይዝ፣ ተረከዝህ መሬት እንደነካ ቁጢጥ ብለህ ትነሳለህ? በተሰበረው እግር ብቻስ ትቆማለህ? ግራ እግርህ ማርሽ የምትቀይርበት ነው። መብራት ላይ ስትቆም መሬት የምትረግጠውም በብዛት በሱ ነው። ቦክሰር ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፣ ዕቃ ሲጫንበት ደግሞ አስበው። ሲያጋድል የሚይዘው ያ እግር ነው።

ትራማዶል የምትወስድ ከሆነ ያፈዛል፣ እሱን እየወሰድክ አትንዳ።

ሌሊት የምታየውን ነገር በተመለከተ ደግሞ። ከአደጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት መደንገጥ፣ መቃዠት፣ ቦታውን መሸሽ ያለ ነው፣ ለብዙ ሰው እያደር ይለቃል። ከወር አልፎ እንቅልፍህን ከወሰደ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። እግርህን እንደታከምክ እሱንም ታከም። ሰው አማኑኤል ሲባል ይሸማቀቃል፣ አንተ አትሸማቀቅ። በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ።

ከላስታ | ማክሰኞ

አይዞህ ወንድም። ያ ሁሉ ብረት ባያስፈልግህም ነበር ባይ ነኝ። አገር ቤት አጎቴን ወጌሻ ነው ያቆመው። በቀርከሃ አስሮ፣ ቅቤ እያሸ። ዛሬ ያርሳል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነው ሰው የሚቆረጠው።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ

ወንድሜ ከላስታ፣ አጎትህ እንኳን ዳኑ። ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም። እጁ የተባረከ፣ ልምድ ያለው አለ። ውልቃትና ቀላል ስብራት ላይ ብዙ ሰው ረድተዋል።

«ሐኪም ቤት ሲሄዱ ይቆረጣል» ያልከውን ግን ማለፍ አልችልም፣ በዓይኔ የማየው ነውና። ሰው ይሰበራል፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እግሩ ያብጣል። እስሩ አይላላም። ደም መዝለቅ ያቆማል። ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ነው ወደኛ የሚመጣው። ሲደርስ የሚተርፍ ነገር የለም፣ እንቆርጣለን። ቤተሰቡ ደግሞ «ሐኪም ቤት ቆረጡት» ብሎ ይመለሳል። ሕፃናትም አሉበት።

ለሁላችሁም፤ ጀሶም ይሁን ቀርከሃ፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርጋቸው የሚያስጮህ ሕመም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ይፈታ፣ ሆስፒታል ይሂድ። በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ነገር ነው። ጠዋት እንሂድ አይባልም።

ከላስታ | ማክሰኞ ማታ

እሺ እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ለቤተሰብ እነግራለሁ።

የሞተረኛ ሚስት | ማክሰኞ ማታ

እኔ ሞተር አልነዳም። የምጽፈው በሌላኛው ወገን ስላለሁ ነው።

ባለቤቴ በሞተር ሲገጭ ስልኬ ላይ የመጣው የሱ ስም ነበር። አንስቼ «አቤት» ስል የማላውቀው ሰው «እህቴ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር፣ ሽንኩርት ግዛ ብዬው መልሶ ሲደውልልኝም እንኳን፣ መጀመሪያ የምሰማው ያንን ሰው ነው። ሚስትህም እንደዚህ ያለ ነገር ይዛ ይሆናል። «ሽጠው» ስትልህ ሞተሩን ስለምትጠላ ብቻ አይምሰልህ። ቁጭ ብለህ «የቱ ነው የሚያስፈራሽ?» ብለህ ጠይቃት። እኔን ባለቤቴ ይህን የጠየቀኝ ቀን ነው በሰላም ያወራነው። እኔን የሚያስፈራኝ ማታና ዝናብ ነበር። ቀን ብሩህ ሆኖ ሲወጣ እንደዚያ አልጨነቅም። ይህን እስክናገረው ድረስ እኔም ለይቼ አላውቀውም ነበር።

ሌላው፣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ሞተሩ በወር የሚያስገባውን ጻፉ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቅጣት ቀንሱ። ከዚያ አልጋ ላይ የተኛህባቸውን ወራት፣ የመድኃኒቱን፣ እሷ ከሥራ የቀረችበትን ቀንሱ። እኛ ስንሠራው ያሰብነውን ያህል አልቀረንም። ለእናንተ ሌላ ሊወጣ ይችላል። ግን ወረቀት ላይ ይታይ።

እህትህን ደውልላት። እኔም ቤሩት ኖሬ የመጣሁ ነኝ። በሰው አገር ያለች እህት ዝም የምትለው «ብሯን አስታወሰችብኝ» እንዳይባል ፈርታ ነው። አንተ ካልጀመርክ እሷ አትጀምርም።

ደብረ ዘይት መንገድ | ረቡዕ

«ተወው ብቻ አትበሉኝ» ብለሃል። ስለዚህ ከነምክንያቴ ልበልህ፤ ተወው።

ወንድሜን በሞተር ነው ያጣሁት። ጎበዝ ነጂ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ሄልሜትም ነበረው፣ ጥሩ ዋጋ የተሰጠበት። በዚያ ቀን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ መንገዱ አጭር ስለሆነ። ሲኖትራክ ነው የገጨው።

እዚህ ስለ ፍሬን የተጻፈው ሁሉ እውነት ይሆናል። ሲኖትራክ ሲመጣ ግን ያንተ ፍሬን ምን ያደርጋል? ሰው ለሥራው ሲል እንደሚነዳ አውቃለሁ። ሌላ ሥራ እስኪገኝ መራብም አለ። እኔ እናቴን አይቼ ነው የምናገረው። እናትህ «ሽጠው» ካለችህ ስማት። ይህን የምልህ ስለማላውቅህ አይደለም፣ ወንድሜም እንዳንተ እዚህ ዕቃ ይጠይቅ ነበር።

ነጭ ጋውን | ረቡዕ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እናትህን እግዚአብሔር ያጽናቸው።

ላሉት ልንገር፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚቀንሰው ጭንቅላት ላይ ሲሆንና ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲቆለፍ ነው። ወደ ሱቅ፣ ወደ ታች ሰፈር፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ሚኒሶታ | ረቡዕ ሌሊት

ሰላም ወገን። ሚኒያፖሊስ ነው የምኖረው። ከአዲስ ከመምጣቴ በፊትም እዚህም ለዓመታት ሞተር ነድቻለሁ። እዚህ ወድቄ ዳሌዬ ተጎድቶ ነበር፣ ከዚያ ተመለስኩ፣ የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ደግሞ ሸጥኩት። ስለዚህ ለሁለቱም ጥያቄህ መልስ አለኝ።

መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፤ ልመለስ ወይስ ልተው ከማለትህ በፊት አደጋውን ፍታው። ምን ሆነ? ለምን ሆነ? አንተ የነገርከን አደጋ በዓለም ላይ በጣም ከተለመዱት የሞተር አደጋዎች አንዱ ነው። በፈረንጆቹ 1981 የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ሃሪ ኸርት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ ያጠናበት ሪፖርት ወጣ። መኪና ካለባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው ላይ ጥፋቱ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው የመኪናው ሹፌር ነበር። በብዛት የታየው ደግሞ ያንተው ነው፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ። ሹፌሮቹ «አላየሁትም» ነው የሚሉት፣ እውነታቸውንም ነው። ዓይናቸው መኪና ነው የሚፈልገው። ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነው፣ ፍጥነቱም አይገመትም።

ይህን ሳነብ እኔን በጣም አሳረፈኝ። ያቺን መስቀለኛ መንገድ እንደ ዕጣ ፈንታዬ ማየት ተውኩ። የሚታወቅ ነገር ከሆነ የሚደረግለትም ነገር አለ። መስቀለኛ መንገድ ስትደርስ ፍጥነት ቀንስ፣ ጣትህን ፍሬኑ ላይ አድርግ። የሹፌሩን ፊት አትመን፣ አይቶህም ላያይህ ይችላል። የመኪናውን የፊት ጎማ ተመልከት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚዞረው እሱ ነው። ከሃይሩፍ ጀርባ ተጠግተህ መስቀለኛ መንገድ አትግባ። ከወዲያ የሚታጠፈው ሰው ታክሲው አለፈ ብሎ ይገባብሃል፣ አንተ እንዳለህ በምን ያውቃል? ቀንም ቢሆን መብራትህ ይብራ።

በዚያው ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። እኛስ? እኔ ሜዳ ላይ ጓደኛዬ ነው «ፍሪሲዮን ልቀቅ» ብሎ ያስተማረኝ። እዚህ አሜሪካ መሠረታዊ ኮርስ ገብቼ ድንገት ማቆምና ድንገት ጥምዝዝ ብሎ ማምለጥን በተለይ ሲያሠሩን፣ ዓመታት ነድቼ ይህን ማንም እንዳላሳየኝ ገባኝ።

ለምን ተውኩት? ለእኔ ሞተር ደስታ ነበር፣ እንጀራ አልነበረም። ይህን ሁሉ አድርጌም የሚቀር አደጋ አለ። ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ሲኖትራክ ያለው ትክክል ነው። ልጄን ሳይ ያ የቀረው በዛብኝ። ለደስታዬ ስል ልከፍለው አልፈለግኩም። ለእንጀራ ቢሆን ኖሮ ምን እወስን እንደነበር ሐቁን ልንገርህ፣ ምናልባት እነዳ ነበር። ስለዚህ እኔ ተውኩ ብዬ አንተን ተው አልልም።

መዝገብ ቤት | ሐሙስ

ስለ ካሳው ገንዘብ ማንም አላነሳም። ወንድሜ፣ የመኪናው መድን ጋ ሄደሃል?

ለዓመታት የአደጋ ካሳ ጉዳይ የሚከታተል ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ለአንተ የሚከፍለው የገጨህ መኪና መድን ነው። ያንተ የሞተር መድን አንተ የጎዳኸውን ሌላ ሰው እንጂ አንተን አይመለከትም። ብዙ ሞተረኛ ይህን ያምታታል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ሲሆን ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። ድንገተኛ ሕክምናም በአዋጁ የተጎጂ መብት ነው።

የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ ማለት አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሚያሳየው ንድፍና ጽሑፍ፣ የግድ ያስፈልግሃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ነው የሚገመተው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ነው ግምቱ የሚቀረው። ያንተ ጉዳይ ላይ ይህን በዋናነት የሚያሳየው ፕላኑ ነው። ፕላኑን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ ደረሰኞቹን፣ የገቢህን ማስረጃ ሰብስብ። ከድርጅቱ የወር ገቢህን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቅ። ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ ቁጥር 2143። ሰው ታክሞ ሲጨርስ እሄዳለሁ ይልና ጊዜው ያልፍበታል።

አንተን የሚያጣድፍህ አንዱ ነገር ብር ይመስለኛል። ካሳው ከመጣ ተረጋግተህ ታስባለህ። ያልዳነ እግር ይዞ ሞተር ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ኪራይ የደረሰበት ሰው ነው።

ቦሌ ሩጫ | ሐሙስ ማታ

አላህ ያሽርህ ወንድሜ። እኔም ዴሊቨሪ ነኝ፣ እስካሁን እየነዳሁ።

ከተማው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ሲያግድ ቤቴ የተቀመጥኩ፣ በኋላ በፈቃድ ሲጀመር የተመለስኩ ነኝ። ስለዚህ ያለ ሞተር መኖርን ቀምሼዋለሁ። ከባድ ነው፣ ግን አልሞትንም።

የኛ ሥራ ችግሩ የሚከፈለን በአደረስነው ልክ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ትእዛዝ ይበዛል፣ ትእዛዝ ሲበዛ እንሮጣለን። ሥራውን ከጀመረ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልኩን መሪ ላይ አስሮ እያየ ሲነዳ ሳይ ያመኛል። እኔ ለራሴ ያበጀሁት ሕግ ይህ ነው። ዶፍ ሲወርድ አፑን አጠፋለሁ። ሲጀምር ደግሞ ይብሳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ዘይትና አቧራውን አስፋልቱ ላይ ሳሙና ያደርገዋል። ኮብልስቶን ላይ በእግር ፍጥነት። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ላይ አልገባም፣ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ሊሆን ይችላል። ደንበኛ ሲደውል ቆሜ ነው የማነሳው፣ «ቀዘቀዘ» ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገቢዬ ከሌሎቹ ያንሳል። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ተስማምተንበታል።

አንተ እስክትድን ድረስ ድርጅቱን ዲስፓች ላይ አስቀምጡኝ በላቸው። ትእዛዝ የሚያከፋፍል፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ከእኛ መሀል ሁለት ልጆች እንደዚያ ተቀምጠዋል። ብሩ ያነሰ ነው ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። ሳትጠይቅ አይሰጡህም።

ገርጂ ማዶ | እሁድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ባለቤቴም አንብባለች። የእህቴን የሞተረኛ ሚስትን ስታነብ ዝም ብላ ቆየችና «እኔንም የሚያስፈራኝ ማታው ነው» አለችኝ።

ቁጢጡን ሞከርኩ። እወርዳለሁ፣ ግን የግራ ተረከዜ መሬት አይነካም፣ ስነሳም በቀኙ ነው የምገፋው። በግራ ብቻ ስቆም ወገቤ ይዘማል። ስለዚህ ለድርጅቱ ደውዬ አሁን እንደማልመለስ ነግሬያቸዋለሁ። ዲስፓቹንም ጠይቄያለሁ። «እናያለን» ብለዋል። ፊዚዮቴራፒ አቋርጬ ነበር፣ ከነገ እቀጥላለሁ። ስለ እንቅልፉም እዚያው ሆስፒታል ተመዝግቤያለሁ።

መዝገብ ቤት ያልከውን ይዤ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፕላኑን አውጥቻለሁ። ቪትዙ ቅድሚያ እንደነጠቀ በግልጽ ተጽፏል። ወረቀቱን ይዤ ውጭ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ውስጤ «ትንሽ ቀደም ብዬ ፍሬን ብይዝስ» እያለ ይሟገተኝ ነበር። ደብዳቤዎቹን እየሰበሰብኩ ነው።

እህቴን ደወልኩላት። ረጅም አወራን። «ብሩ ይቅር፣ እግርህን አሳየኝ» አለችኝና በቪዲዮ ጠባሳውን አየችው። ብትሸጠውም ባትሸጠውም የኔ ነገር እንዳያስጨንቅህ ብላኛለች።

ሞተሩን አልሸጥኩትም፣ አልወጣሁበትምም። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ይህ ነው። ሐኪሙ ገጥሟል እስኪል አልነካውም። ከዚያ እንደ ሐይቅ ዳር ምክር አስፈትሸዋለሁ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን እለማመዳለሁ። መልሼ ሥራ ከገባሁም ቀን ብቻ፣ ያለ ዝናብ። በቀን ሥራ ብቻ ሒሳቡ ካላዋጣ እንሸጠዋለን። ሒሳቡን ራሷ ናት የምትይዘው። ደብረ ዘይት መንገድ፣ ያልከኝን አልረሳሁትም። ለእናቴ አንብቤላታለሁ፣ ለወንድምህ ነፍስ ይማር ብላለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለልምምድ የሚሆን ባዶ ሜዳ የት ይገኛል? መንገድ ላይ መጀመር አልፈልግም።

ቦሌ ሩጫ | እሁድ ማታ

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎቹን ጠይቅ። እሁድ ተማሪ በማይኖርበት ሰዓት ሜዳቸውን ለሰዓት የሚያከራዩ አሉ። እኔ የማውቀውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ስትዘጋጅ ንገረኝ፣ አብሬህ እመጣለሁ። ዱካውን የሚያይልህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሃል።